ከአሮጌ ሸክላና ከቴፕ ክር ቅኝት ማውጣት
በጂቡቲ ከተማ ከአንድ ሽማግሌ ቤት የተገኘ ትምህርት

በቀትር ጊዜ ጂቡቲ ከተማ ጸጥ ትላለች። ከባሕሩ የሚመጣው ወበቅ መንገዱን ሲሞላው ባለሱቁ በሩን ይዘጋል፤ ተሸካሚውም ሸክሙን አውርዶ ከጥላ ሥር ይቀመጣል። ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው፥ አገሪቱ ነጻ ከወጣች ወዲህ ግን በነጻነቷ ቀን በጁን 27 የተሰየመው አደባባይ እንኳ በዚያ ሰዓት ሰው አይታይበትም። እኔም በግንቦት ወር አክስቴን ልጠይቅ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ሳለሁ፥ ይህን የቀትር ሰዓት የማሳልፈው በጎረቤቷ በአንድ ሽማግሌ ቤት ነበረ።

ሽማግሌው የድሬዳዋ ተወላጅ ሲሆኑ፥ ወደ ጂቡቲ የመጡት በወጣትነታቸው በምድር ባቡር ሥራ ነው። ቀን በሐዲድና በብሎን ሲደክሙ ይውሉና፥ ማታ ማታ በአገራቸው ሰዎች ሠርግ ላይ ክራር ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ግን ከሕመም በኋላ የግራ እጃቸው ጣቶች አልታዘዝ ብለዋቸዋል። ክራሩ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጨዋታቸውም በአንዲት አሮጌ ካሴት ውስጥ ብቻ ቀርቷል። የዐሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ያንን ጨዋታ ለመማር አጥብቃ ስለምትሻ፥ እኔም ጥቂት ሙዚቃ አውቃለሁ ባይ በመሆኔ፥ ቅኝቱን ከካሴቱ አውጥቼ ለማስተማር ቃል ገባሁላት።

በሦስተኛው ቀን ክራሩን ከካሴቱ ድምፅ ጋር ላስተካክል ክሮቹን እያጠበቅሁ ሳለ፥ አንደኛው ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልጅቷ ደነገጠች፤ እኔም አፈርሁ። ሽማግሌው ግን ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ያ ክራር በዕድሜው እንዲህ ተወጥሮ አያውቅም። ጥፋቱ የክሩ አይደለም፤ የሚቸኩለው ማጫወቻህ ነው» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም ይህ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሐዋይ ሰዎች ጥበብ

የክር መሣሪያ የሚጫወት ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የዘፈኑ ዜማ አንድ ነገር ነው፤ ዜማው የተገኘበት ቅኝት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዜማውን ጆሮ ይይዘዋል። ቅኝቱ ግን በተጫዋቹ እጅና በክሮቹ መካከል የሚቀር ምሥጢር ነው። ስለዚህም ከአሮጌ ቅጂ ላይ ቅኝት ማውጣት በዓለም ሁሉ ብዙ ሰዎችን ያደከመ ሥራ ሆኗል። ከእነዚህም ሁሉ ይልቅ ብዙ የደከሙት፥ በብረት እየተንሸራተተ የሚመታውን የሐዋይ ጊታር የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

ለዚህ አጨዋወት መሥራችነት የሚመሰገነው ጆሴፍ ኬኩኩ በ1874 በኦዋሁ ደሴት ላይዬ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ፥ በ1889 ገደማ፥ ጊታሩን በጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹን በጣት በመጫን ፈንታ ብረት ያንሸራትትባቸው ጀመር። ብሎኑን ያገኘው በባቡር ሐዲድ ላይ ሲሄድ ነው እየተባለ ይተረካል። ይህን ለሽማግሌው ባወራኋቸው ጊዜ ከት ብለው ሳቁና፥ «እኛ ሠላሳ ዓመት ብሎን ስናጠብቅ ኖርን፤ አንዳችንም ከክራር ጋር አላጋጠምነውም» አሉ።

በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ ታላቅ ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ የሐዋይ ሙዚቃ በአሜሪካ ተወደደ፤ ሸክላውም በየአገሩ ተሠራጨ። በ1932 ለገበያ የቀረበውና የኤሌክትሪክን ጊታር ለዓለም ያስተዋወቀው መሣሪያም፥ በጭን ላይ የሚጋደም የሐዋይ ጊታር ነበረ። ድምፁ ወደ ምሥራቅም ተጉዞ ሕንዶች ወደ ፊልም ዘፈኖቻቸው አስገቡት። እንደሚታወቀው የሕንድ ፊልም በአፍሪካ ቀንድ ከተሞች እጅግ የተወደደ ስለ ነበረ፥ የእኛም ሆነ የጂቡቲ ሰው ስሙን ሳያውቀው ያንን የሚያለቅስ የሚመስል የብረት ድምፅ ከሲኒማ ቤት ሰምቶታል።

እንግዲህ ከአሮጌ የሐዋይ ሸክላ ቅኝት የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው ፍጥነትን ነው። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል ይባል እንጂ፥ በቀድሞ ዘመን የተቀረጸው ሁሉ በዚህ ልክ አልተቀረጸም። በ78 የተቀረጸው በ82 ተኩል ገደማ ቢዞር ዘፈኑ በሙሉ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ይህን ያላስተዋለ ሰው በዓለም የሌለ ቅኝት ሲፈልግ ይኖራል።

ሁለተኛው፥ ከዘፈኑ ሁሉ ዝቅ ያለውን ድምፅ መያዝ ነው፤ ወፍራሙ ክር ከዚያ በላይ አልተቃኘምና። ሦስተኛው ደግሞ የሐዋይን ጊታር ከሌላው ጊታር የሚለይ ነው። ብረቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ፥ በአንድነት የተመቱት ክሮች ሁሉ የሚነኩት በአንድ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በአንድነት በተሰሙት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት በክሮቹ ቅኝት መካከል ያለው ርቀት ራሱ ነው፤ ድምፆቹን አንድ በአንድ የለየ ሰው የቅኝቱን ግማሽ አገኘ ማለት ነው። ብረቱን ሰያፍ አድርጎ የሚይዝ ተጫዋች ሲያጋጥም ግን ይህ ሕግ ይፈርሳል። በዚህ ጥበብ ከሁሉ የላቀው ሶል ሆኦፒኢ (1902–1953) እስከ ዛሬ ድረስ አድማጮቹን የሚያደክመው አንድም በዚሁ ምክንያት ነው።

አራተኛው፥ ብረቱ ያልነካውን ክር መለየት ነው። በብረት የተያዘ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ይንሸራተታልም፤ ልቅ የሆነው ክር ግን ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ ይጮኻል። አምስተኛው፥ ክሩን በቀስታ ነክቶ የሚወጣውን እንደ ደወል የቀጠነ ድምፅ መከተል ነው። ይህም በክሩ እኩሌታ ላይ ሲነካ ስምንተኛውን ድምፅ፥ በሢሶው ላይ ሲነካ ከስምንተኛው በላይ ያለውን አምስተኛ፥ በሩቡ ላይ ሲነካ ደግሞ ሁለት ስምንተኛ ከፍ ያለውን ይሰጣል። ከሦስቱ አንዱን ያወቀ ሰው ክሩ ልቅ ሳለ ምን ድምፅ እንዳለው ቈጥሮ ይደርስበታል።

ከዚህ በኋላ የብቻ ጨዋታውን ማጥናት ይቀላል። የቀድሞ ሰዎች ፈጣኑን ክፍል ለመያዝ ማጫወቻውን በእኩሌታ ፍጥነት ያዞሩት ነበር፤ ድምፁም በአንድ ስምንተኛ ዝቅ ይል ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ቃናውን ሳይለውጥ ያዘገየዋል። ቢሆንም የጥንቱ ምክር አልተሻረም፤ ይኸውም ጣት ሳይነካው በፊት በአፍ ማዜም ነው። በአፍ ያልተዜመ ነገር በጣት ቢወጣ ልብ አይኖረውም።

ትዝታና የሐዋይ ቅኝት

ለእኛ አንባቢዎች ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ። ከ1930ዎቹ ወዲህ የሐዋይ ጊታር ተጫዋቾች ከሚወዷቸው ቅኝቶች አንዱ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዶ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ፥ ዶ፥ ሚ ተብሎ የሚቃኘው ነው። የእኛ የትዝታ ቅኝት ደግሞ፥ ሙሉው፥ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች አራቱ ያለ አንዳች ድካም በእነዚያ ክሮች ላይ ይገኛሉ፤ የጐደለውን ሬ ለማግኘት ብረቱን በዶ ክር ላይ ሁለት መስመር መግፋት ይበቃል። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ በአንድ ምንጭ ተገናኝተዋል ማለት ነው። የሶማሊም ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የሚዜም ስለ ሆነ፥ ጂቡቲ ከተማ ቁጭ ብሎ ራዲዮ የሚያዳምጥ ኢትዮጵያዊ ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ ዜማው እንግዳ አይሆንበትም።

ስድሳ ዓመት የጠበቀ ደብዳቤ

ከአሮጌ ሸክላ ጋር ስለሚደክሙ ሰዎች ከሚነገረው ሁሉ የታኡ ሞኤና የቦብ ብሮዝማን ነገር ይበልጣል። ታኡ ሞኤ ያደገው ኬኩኩ በተወለደባት በዚያችው በላይዬ መንደር ነው። በወጣትነቱ ከሚስቱ ከሮዝ ጋር ከአገሩ ወጥቶ፥ በ1929 በቶኪዮ ከተማ ከሌሎች የሐዋይ ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ ሸክላ አስቀረጸ። ከዚያም ባልና ሚስቱ ልጆቻቸውን እየወለዱና ከእነርሱው ጋር እየተጫወቱ፥ ከሃምሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በእስያና በአውሮፓ ሲዞሩ ኖሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተቀመጡት በካልካታ ነበረ።

ቦብ ብሮዝማን የተባለ አሜሪካዊ የጊታር ተጫዋች እነዚያን የ1929 ሸክላዎች እየሰማ ያጠና ነበር። በ1980ዎቹ ውስጥ አንድ የላይዬ ሽማግሌ የእርሱን ሸክላ ለመግዛት ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤውንም ሲያነብ፥ ጸሐፊው እነዚያን ሸክላዎች ያስቀረጹት ታኡ ሞኤ ራሳቸው ሆነው አገኛቸው። ወደ እርሳቸው ሄዶም አብረው ተጫወቱ፤ በወጣትነታቸው ያስቀረጿቸውንም ዘፈኖች ከስድሳ ዓመት በኋላ እንደገና አስቀርጸው በ1989 አወጡ። ሮዝ በዚያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኗቸው እንደገና ዘፈኑ። አድማጩ ከሸክላው ለብቻው ያወጣውን ሁሉ ከባለቤቱ እጅ ጋር ለማስተያየት የሚታደለው ስንት ጊዜ ነው? ሮዝ በ1998፥ ታኡ በ2004፥ ብሮዝማንም በ2013 ዐርፈዋል። ያ ደብዳቤ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ የሚያነጋግሩት ሰው አይገኝም ነበር።

የጂቡቲ ራዲዮ መዝገብ

በጂቡቲ ከተማም ይህን የመሰለ ሀብት አለ። የጂቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ከ5000 በላይ የቴፕ ጥቅሎችን በመዝገብ ቤቱ ይዟል፤ ሀብቱም በአፍሪካ በደኅና ከተጠበቁት የድምፅ መዛግብት አንዱ መሆኑ ይነገርለታል። የአገሪቱ ገዥ ፓርቲ ታላቅ የሙዚቃ ጓድ፥ ካትር ማርስ የሚባለው፥ ከ1977 እስከ 1994 የተጫወታቸው ዘፈኖች ከዚህ መዝገብ ተመርጠው በ2021 ለዓለም አድማጭ ቀርበዋል። የራዲዮው የራሱ ጓድም በ2019 በሦስት ቀን ውስጥ ያስቀረጸው ሥራ በ2020 በውጭ አገር ታትሟል። በዚህ ጓድ ውስጥ የጊታር ተጫዋቹ የሞቃዲሾ ሰው አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊ፥ የሳክስፎን ተጫዋቹ ሞሐመድ አብዲ አልቶና ወጣቷ ድምፃዊት አስማ ኦማር ይገኛሉ። ሽማግሌና ወጣት ባንድነት ተሰልፈው በመጫወታቸው፥ የዛሬው ተጫዋች የአሮጌውን ቴፕ ነገር ከአጠገቡ ካለው ባለሙያ የመጠየቅ ዕድል አለው።

ነገር ግን የቴፕ ክር ዕድሜ አለው። ሙቀትና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው፤ ጂቡቲ ደግሞ በሁለቱም የታወቀች ናት። ክሩ በተጫወተ ቍጥር ይፈገፈጋል፤ የላዩም ቅብ ይራገፋል። ስለዚህ ዐዋቂዎች የሚሰጡት ምክር፥ አሮጌ ቴፕ ከተገኘ የመጀመሪያው ማጫወት ለመስማት ሳይሆን ወደ ሌላ ለመገልበጥ ይሁን የሚል ነው።

ወደ ሽማግሌው ቤት ስንመለስ

ሽማግሌው ማጫወቻው እንደሚቸኩል ያወቁት በጣታቸው ትዝታ ነበር። የዘፋኟን ድምፅ ያውቁታል፤ ክራሩም ያን ያህል እንዳልተወጠረ ያውቃሉ። እኔ ግን ማስረጃ ስለ ፈለግሁ ካሴቱን በኮምፒዩተር ገልብጬ መረመርሁት። የሠርጉ ዕለት መቅረጫው የተሰካው በመብራት ኀይል ላይ ስለ ነበረ፥ ከዘፈኑ ሥር አንድ ቀጭን ጉምጉምታ ይሰማል። በጂቡቲ የመብራቱ ኀይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ የካሴቱ ጉምጉምታ ግን 53 ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ስድስት እጅ መብለጡ ነው፤ ይኸውም ልክ ግማሽ ድምፅ ነው። ማሽኑ ያለውና ሽማግሌው ያሉት አንድ ሆነ።

ፍጥነቱን አስተካክዬ አዲስ ክር ካሰርን በኋላ አምስቱን ድምፆች ለቀምሁ፤ ላ፥ ሲ፥ ዶ፥ ሚ፥ ፋ ሆኑ። ያለ ጥርጥር የትዝታ ግማሹ ቅኝት ነው ብዬ ለልጅቷ በደብተር ጻፍሁላት። እርሷም ሁለት ቀን ስትለማመድ ሰነበተች። አያትየው ግን ዝም ብለው እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። በመጨረሻም፥ «ልጄ፥ ዘፋኟ የት ላይ ነው የምታርፈው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እንደገና አዳመጥሁ። ስንኙ ሲያልቅ የምታርፈው በላ ላይ አይደለም፤ በሚ ላይ ነው። ከሚ ተነሥቶ ቢቈጠር ደግሞ ሚ፥ ፋ፥ ላ፥ ሲ፥ ዶ ይሆናል፤ ይህም የአምባሰል ቅኝት ነው። አምስቱ ድምፆች ያው አምስቱ ናቸው፤ ቤታቸው ግን ሌላ ነው። አንባቢ ፒያኖ ቢያገኝ ነጫጮቹን ብቻ እየነካ ይህን በራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። ባለ ስድስት ክር ክራር ብዙውን ጊዜ መነሻ ድምፁን በታችም በላይም ደግሞ ስለሚይዝ፥ በካሴቱ ላይ ወፍራሙም ቀጭኑም ሚ መሰማቱን አስቀድሜ አስተውዬ ቢሆን ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

«አባባ፥ ከመጀመሪያው ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«አንተ የጠየቅኸው ማጫወቻውን እንጂ እኔን አይደለም» አሉ። አባባላቸው የቍጣ አልነበረም፤ ቢሆንም እጅግ ወጋኝ። እውነትም ካሴቱን ሳንገላታ ስሰነብት፥ ካሴቱ ውስጥ ያለው ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራራችንን ለወጥን። እኔ ድምፁን አዘገየዋለሁ፤ ልጅቷ በአፏ ታዜመዋለች፤ ቀጥላም በክራሩ ትሞክረዋለች። ሽማግሌው ደግሞ በደኅናው ቀኝ እጃቸው ጣቶቿን እየነኩ ያስተካክሏታል። ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ሥራ የማይፈለገውን ክር አፍኖ የሚፈለገውን መልቀቅ መሆኑን፥ ከካሴቱ ግን የታፈነው ክር ፈጽሞ የማይሰማ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። የሚሰማውን ማሽን ይነግረናል፤ የታፈነውን የሚያውቅ ግን ያፈነው ጣት ነው።

በመጨረሻው ቀን ልጅቷ የብቻ ጨዋታውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳታቋርጥ ተጫወተችው። አያትየው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፥ «አንዲት ነገር ቀርታለች» አሉ። ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። እርሳቸው ግን፥ «ከካሴቱ ላይም የለችም። በዚያ ሠርግ ሌሊት ድካም ይዞኝ የዘለልኋት ናት፤ ሁልጊዜ ግን እመታት ነበር» ብለው በአፋቸው አዜሙላት። እርሷም ያዘቻት፤ እኔም በደብተሩ ጻፍኋት።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ የሠርግ፥ የክርስትና፥ የማኅበር ድምፅ የያዙ ካሴቶች ተጥለዋል። በእነርሱም ውስጥ ስማቸው በሸክላ ያልታተመ ክራር መቺዎችና ማሲንቆ ተጫዋቾች አሉ። ካሴቱን ከፀሐይና ከእርጥበት መጠበቅ፥ ባልተበላሸ ማጫወቻ አንድ ጊዜ አጫውቶ መገልበጥ፥ በላዩም የሠርጉን ቀን፥ የዘፋኙንና የተጫዋቹን ስም፥ ከታወቀም ቅኝቱን መጻፍ ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ተጫዋቹ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጦ መጠየቅ ነው። ልጆችም ሲጠይቁ እንዳይፈሩ፥ ሽማግሌዎችም ሲጠየቁ እንዳይሰለቹ የቤቱ እናትና አባት ያደፋፍሯቸው።

ከጂቡቲ የተነሣሁት በማለዳ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ በሽማግሌው ደጅ ሳልፍ፥ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ክራሩን ስትቃኝ ሰማሁ። ሚን ከላይም ከታችም አስተካክላ ጨረሰች፤ አያትየውም ከውስጥ ሆነው፥ «እሱ ነው» አሏት።